ቀለሃና ልኬት፦ ጥይትን በቤት የመሙላት ጥያቄ በጎጃም ታሪክ

ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወስደው መንገድ የአዋበልን ወረዳ ዋና ከተማ ሉማሜን ሰንጥቆ ያልፋል። በዚህ አገር፣ እንደ ሌላው የጎጃም ደጋ ሁሉ፣ ጠመንጃ ንብረት ብቻ ሆኖ አያውቅም። የአባት ውርስ ነው፣ የሠርግ ድምቀት ነው፣ የለቅሶ ክብር ነው። በፉከራና በቀረርቶ ውስጥ ጠመንጃ በስሙ ይጠራል፤ ውጅግራው፣ ምንሽሩ፣ ለበኑ፣ ቤልጅጉ እንደ ሰው ይወደሳሉ። ስለ ጥይት ግን የተነገረው ጥቂት ነው። ይህ ዝምታ ሊያስገርመን ይገባል። ጠመንጃ አንድ ጊዜ ከተገዛ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ የልጅ ልጅ ይተላለፋል። ጥይት ግን በተተኮሰ ቁጥር ያልቃል። ጠመንጃውን ጠመንጃ ያደረገው ይህ ተተኩሶ የሚያልቀው ነገር ነው።

ስለዚህ ይህ ዳሰሳ የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው። ጥይት ከሩቅ በሚመጣበት፣ መንገዱም ደጋግሞ በሚዘጋበት አገር፣ ሰዎች ባዶውን ቀለሃ መልሰው ለመሙላት ምን ሞከሩ? የት ድረስ ተሳካላቸው? የት ላይ ቆመ? ለምንስ ቆመ? ጥያቄው የጦርነት ታሪክ ብቻ አይደለም። የእጅ ጥበብ ታሪክም ነው፤ ለእጅ ጥበብ የሰጠነው ቦታ ታሪክም ነው። የአገር ውስጡን ዘመን በእኛ አቆጣጠር፣ የውጭውን ደግሞ እ.ኤ.አ. እያልኩ እጠቅሳለሁ።

ባሩድ በየቤቱ

የመጀመሪያው ዘመን የአፈሙዝ ጎራሽ ጠመንጃ ዘመን ነው። በ1533 ዓ.ም. ፖርቱጋላዊው ክሪስቶቮ ዳ ጋማ 400 ያህል ነፍጠኛ ይዞ ምጽዋ ሲወርድ፣ ጠመንጃ በኢትዮጵያ ጦርነት ውስጥ ወሳኝ ሥፍራ መያዝ ጀምሮ ነበር፤ የኢማም አሕመድ ጦርም የራሱ ነፍጠኞች ነበሩት። በ1535 ዓ.ም. ወይና ደጋ ላይ ኢማሙ ከወደቀ በኋላ ነፍጡ ከአገሩ አልወጣም። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሦስት መቶ ዓመታት ውስጥ ቁጥሩ በዝግታ እየጨመረ ሄደ።

በዚያ ዘመን ተኳሹ ራሱ የጥይቱ ሠሪ ነበር። ባሩድ፣ አረርና መለኮሻ ተለያይተው ይያዛሉ፤ ሦስቱ የሚገናኙት በአፈሙዙ ውስጥ፣ በተኳሹ እጅ ነው። ድኝ ከአፋር ቆላ በነጋዴ ይመጣል፤ ከሰሉ ከደጅ ይገኛል። እርሳስ ከውጭ የሚመጣና ውድ በመሆኑ ብዙ ሰው በቀጥቃጭ የተመታ የብረት አረር ይጠቀም ነበር። የብረት አረር የአፈሙዙን ውስጥ ይቧጥጣል፤ ክብደቱም ሆነ ክበቡ ከአንዱ አንዱ ይለያያል። ባሩዱም እንደ ሠሪው ነው፤ አንዱ ይጠነክራል፣ አንዱ ይደክማል፣ በክረምት ደግሞ እርጥበት ይስብና ጭራሽ አልቀጣጠል ይላል።

ይሁንና ሥርዓቱ ራሱን የቻለ ነበር። የጎጃሙ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ በ1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ከደጃዝማች ካሣ፣ ከኋለኛው አፄ ቴዎድሮስ፣ ጋር ገጥመው ሲወድቁ የሁለቱም ወገን ነፍጠኛ ባሩዱንና አረሩን ከአገር ውስጥ ማግኘት ይችል ነበር። ጥራቱ ዝቅተኛ ነው፤ ነገር ግን ነጋዴው ቢቀር፣ ወደቡ ቢዘጋ፣ ጠመንጃው አይሞትም። ከዚህ በኋላ የመጣው ለውጥ ይህንን ነፃነት ወሰደ።

ናሱ ሲመጣ

የለውጡን ክብደት ኢትዮጵያ በመጀመሪያ ያየችው አሮጌ ላይ ነው። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ሥር የእንግሊዝ ጦር ከኋላ የሚጎርሰውን ስናይደር ጠመንጃ፣ እኛ በኋላ ሰናድር ያልነውን፣ ይዞ ገጠመ። የአፄ ቴዎድሮስ ሰዎች ባሩድ አፍስሰው፣ አረር ጨምረው፣ ጠቅጥቀው አንዴ ሲተኩሱ፣ ከወዲያ በኩል ያለው ወታደር ደጋግሞ ይተኩስ ነበር። ከኢትዮጵያ ወገን 700 ያህል ሰው ሞተ፤ ከእንግሊዝ ወገን የቆሰለው 20 ያህል ብቻ ነው።

ይህ ሽንፈት የደረሰባቸው ቴዎድሮስ ከሁሉም ቀድሞ ችግሩ የገባቸው ንጉሥ መሆናቸው ያሳዝናል። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የሠሩት የእጅ ባለሙያዎች መንደር ዓላማው መሣሪያ ከመለመን መገላገል ነበር። የሚስዮን ሰዎችና የአገሩ ሠራተኞች አብረው ሞከሩ፣ ከሸፈባቸው፣ እንደገና ሞከሩ፤ በመጨረሻም 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አቀለጡ። መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ። ከጋፋት የሚወሰደው ትምህርት ግን ሌላ ነው። ዓለም ትንንሽ፣ እኩል፣ በሺህ የሚቆጠሩ ነገሮችን ወደመሥራት በዞረበት ዓመት፣ ጋፋት አንድ ግዙፍ ነገር ለመሥራት ደከመች። የሚያስፈልገው የነበረው ትልቅ መድፍ ሳይሆን አንዱ ከሌላው የማይለይ ትንሽ የናስ ቀለሃ ነበር።

ቀለሃው ባሩዱን፣ አረሩንና መለኮሻውን በአንድ ዕቃ ውስጥ አሰረ። በጉንደትና በጉራ ጦርነቶች በ1868 ዓ.ም. የአፄ ዮሐንስ ሠራዊት ከግብፆች በሺዎች የሚቆጠር ሬሚንግተን ማረከ፤ ከማረከው ጠመንጃ ጋር የማረከው ጥይት ግን የሚያልቅ ነበር። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1873 ዓ.ም. የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ተብለው ሲነግሡ ጠመንጃ ማከማቸት የንጉሥነት መለኪያ ሆኖ ነበር። በግንቦት 1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ከንጉሥ ምኒልክ ጋር ሲገጥሙ የጎጃም ጦር በጠመንጃ ታጥቆ ነበር፤ ውጊያውን ለወጠ የሚባለው ግን የራስ ጎበና ፈረሰኛ ነው። ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ኮክ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው ጥናት ያሳየው ይህንኑ ነው፤ በዚያ ክፍለ ዘመን ጠመንጃ ብቻውን ለመሳፍንቱ ሥልጣን አልሰጣቸውም። ጥይቱን የማግኘት መንገድና የሚያዝዘው እጅም ያስፈልግ ነበር።

መንገዱ ደግሞ በሌሎች እጅ ነበር። በ1879 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ለንጉሥ ምኒልክ ያመጣው ሲራራ 2,040 ጠመንጃና 60,000 ጥይት የያዘ ነበር። በ1885 ዓ.ም. ጣሊያን የውጫሌው ውል እንዲጸናላት 2 ሚሊዮን ጥይት ላከች፤ ምኒልክ ጥይቱን ተቀብለው ውሉን አፈረሱ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ ዓድዋ ላይ የተተኮሰው የዚያ ሁሉ ዓመት ክምችት ነው። ድሉ የጀግንነትና የብልህ ግዢ ድል ነበር። ግዢ ግን መቼም ቢሆን ሻጭ ይፈልጋል።

ጥይት ምን ያህል ውድ እንደነበር የሚነግረን ሌላም ነገር አለ። በምኒልክ ዘመን የውጅግራ ጥይት ከአሞሌ ጨውና ከማርትሬዛ ብር ጎን ለጎን በገበያ እንደ ገንዘብ ይዞር ነበር። ገበሬው በጥይት ጨው ይገዛል፣ መንገደኛው በጥይት ማደሪያ ይከፍላል። እንዲህ ያለ ገንዘብ አንድ ጉድለት አለው፤ ተቀባዩ ሳይከፍተው ውስጡን ሊያይ አይችልም። ከፋብሪካ የወጣውና በቤት የተሞላው ከላይ ሲያዩት አንድ ናቸው። ልዩነታቸው የሚታወቀው ቃታ ሲሳብ ነው።

ባዶው ቀለሃ ለምን እምቢ ይላል?

የጥያቄው ልብ እዚህ ነው። ውጅግራ፣ የፈረንሳዩ የ1874 እ.ኤ.አ. ግራ ጠመንጃ፣ 11 ሚሊሜትር ጥይት ይተኩሳል፤ ጥይቱ የሚሠራው በጥቁር ባሩድ ነው፤ ቀለሃው ወፍራም የናስ ዕቃ ነው። ጥቁር ባሩድ የአገሩ ሰው ለዘመናት የሚያውቀው ባሩድ ነው። ስለዚህ ከዘመናዊ ጥይቶች ሁሉ የመንደር እጅ ሊሞላው የሚችለው ቢኖር ይህ ነበር። ሰው ባዶውን ቀለሃ የማይጥለው በዚህ ምክንያት ነው።

መሙላት ግን ባሩድ ማፍሰስ ብቻ አይደለም። በዚህ ሥራ ላይ የሚደርሰውን ብልሽት ስንደረድረው እያንዳንዱ ብልሽት ወደ አንድ ሥር ይመለሳል።

አንደኛው ብልሽት ጥይቱ አልጎርስ ማለቱ ነው። ጠመንጃ ሲተኮስ ናሱ በግፊት ተለጥጦ ከጠመንጃው ግድግዳ ጋር ይጣበቃል፤ እሳቱ ወደ ኋላ ወደ ተኳሹ ፊት እንዳይመለስ የሚያግደው ይህ መለጠጥ ነው። ከዚያ ናሱ ጥቂት ይሰበሰባል፤ ወደ መጀመሪያ መጠኑ ግን አይመለስም። ጠመንጃ ደግሞ ከጠመንጃ በጥቂቱ ይለያል፤ በአንዱ የተተኮሰ ቀለሃ በሌላው ላይጎርስ ይችላል። ፋብሪካ ይህንን የሚያቃናው በጠንካራ ብረት በተሠራ ልከኛ ማጥበቂያ ነው። በመዶሻና በዓይን መጠን የሚያቃና ሰው ግን ቀለሃውን ሊያጣምመው፣ ሊያሳሳው ይችላል።

ሁለተኛው የናሱ መሰንጠቅ ነው። ናስ ሲለጠጥና ሲጠብብ ይደድራል፤ የደደረ ናስ ደግሞ አፉ ይሰነጠቃል። በዚያ ዘመን መለኮሻዎች ውስጥ የነበረው የሜርኩሪ ውሕድ ናሱን ከውስጥ ተሰባሪ ያደርገዋል፤ የጥቁር ባሩድ ጥላሸትም ቶሎ ካልታጠበ ይበላዋል። ከላይ የሚያብረቀርቅ ቀለሃ ከውስጥ የሞተ ሊሆን ይችላል። ግርጌው ከተቆረጠ የእሳቱ መውጫ የተኳሹ ዓይን ነው።

ሦስተኛው መክሸፍ ነው። በቀለሃው ግርጌ ያለችው መለኮሻ ከጥይቱ ክፍሎች ሁሉ ትንሿና በመንደር ልትሠራ የማትችለዋ ናት። በሌላው ዓለምም ቢሆን ሁለት ዓይነት አሠራር ወጣላት፤ የእንግሊዙ ቦክሰርና የአሜሪካዊው በርዳን። በቦክሰሩ አሠራር የሚያቀጣጥለው ስል ነገር በመለኮሻዋ ውስጥ ነው፤ በበርዳኑ ደግሞ በቀለሃው ውስጥ ነው፤ ስለዚህ የበርዳኑን አሮጌ መለኮሻ ለማውጣት እጅግ ያስቸግራል። ያገለገለችው መለኮሻ ተቀጥቅጣ፣ በቤት የተገኘ ነገር ተጨምሮባት ስትመለስ ብዙ ጊዜ አትቀጣጠልም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ዘግይቶ መተኮሱ ነው፤ ተኳሹ ከሽፏል ብሎ ሊከፍት ሲል ይተኩሳል።

አራተኛው የጠመንጃው መፈንዳት ነው። ባሩድ ሲበዛ፣ የማይስማማ ባሩድ ሲገባ፣ ወይም አረሩ ከአፈሙዙ ሲወፍር ግፊቱ ብረቱ ከሚችለው በላይ ይሆናል። ለዚህ ብልሽት ማስተካከያ የለም፤ አንድ ጊዜ ከሆነ እጅ ወይም ሕይወት ይወስዳል።

የእነዚህ ሁሉ ሥር ልኬት ነው። በዓይን ሲታይ እኩል የሆነ ነገር ጥይት ላይ እኩል አይደለም። የናሱ ስፋት፣ የአረሩ ክብደት፣ የባሩዱ መጠን፣ የመለኮሻዋ ጥልቀት በሚዛንና በመለኪያ ካልተያዙ የሠሪው ብልሃት ምንም ያህል ቢሆን ጥይቱ ዕጣ ነው። ከአሥር ጥይት ዘጠኙ ቢተኩስ እንኳ አሥረኛው የት እንዳለ ማንም አያውቅም።

ጭስ አልባው ባሩድ የዘጋው በር

በመንደር መሙላት የሚቻልበት ጊዜ ደግሞ እጅግ አጭር ነበር። ፈረንሳዊው ፖል ቪየይ እ.ኤ.አ. በ1884 ጭስ አልባውን ባሩድ ሠራ፤ በ1886 ለበን ጠመንጃ በዚሁ ባሩድ የሚሠራ የመጀመሪያው የጦር ጠመንጃ ሆኖ ወጣ። የሚገርመው የለበኑ 8 ሚሊሜትር ቀለሃ የተወለደው ከውጅግራው ቀለሃ መሆኑ ነው፤ ግርጌውን ይዞ አፉ ጠበበ። ከውጭ ሲያዩአቸው የአንድ ቤተሰብ ልጆች ይመስላሉ፤ ውስጣቸው ግን ሁለት ዓለም ነው።

ጭስ አልባው ባሩድ የኬሚስትሪ ሥራ ነው። ከመንደር ከሰልና ከድኝ አይወጣም። ጉልበቱ ከጥቁሩ ባሩድ እጅግ ይበልጣል፤ ጥቂት መብዛቱ ግፊቱን በብዙ ያንራል። ከዚህ በኋላ ወደ ኢትዮጵያ የገቡት አዳዲስ ጠመንጃዎች፣ ምንሽሩም ማውዘሩም ቤልጅጉም፣ በዚህ ባሩድ የሚሠሩ ናቸው። አያቱ ባሩዱን ራሱ ያዘጋጅ የነበረ ሰው የተሻለ ጠመንጃ ሲይዝ ባዶ ቀለሃ ፊት አቅመ ቢስ ሆነ። ጠመንጃው በተሻሻለ ቁጥር ባለቤቱ የሩቅ ፋብሪካ ጥገኛ እየሆነ መሄዱን ያህል ይህንን ታሪክ የሚገልጠው ነገር የለም።

በአርበኞች ዘመን

ፈተናው የመጣው በ1928 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የውጭ ኃይሎች በጥይት መንገድ ላይ ደጋግመው ተስማምተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1890 ብራስልስ ላይ፣ በ1906 በሦስቱ ኃይሎች ውል፣ በ1930 ደግሞ ኢትዮጵያ ራሷ በፈረመችበት የፓሪስ ስምምነት። በ1927 ዓ.ም. ክረምት፣ ጦርነቱ ፊት ለፊት ሲታይ፣ እንግሊዝ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ የመሸጫ ፈቃድ ከለከለች። ክልከላው በወረቀት እኩል ነበር፤ ጣሊያን ግን የራሷ ፋብሪካ ነበራት። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ማይጨው ላይ የተሰለፈው ሠራዊት የያዘው የብዙ አገርና የብዙ ዘመን ጠመንጃ ነበር።

በጎጃም የአርበኝነቱ እሳት የተቀጣጠለባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ ከዋናዎቹ አንዱ ጣሊያን ሕዝቡን መሣሪያ ለማስፈታት መነሣቱ ነው። በ1929 ዓ.ም. ክረምትና በተከታዩ ዓመት ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ፣ ልጅ ኃይሉ በለው፣ በቢቸና በኩል በላይ ዘለቀ እያንዳንዳቸው በየአውራጃቸው ተነሡ። ጠመንጃ ነበራቸው፤ የሚያንሰው ጥይት ነበር። ያለው ጥይት ደግሞ የተዘበራረቀ ነው፤ የውጅግራው 11 ሚሊሜትር፣ የለበኑ 8፣ የማውዘሩ 7.92፣ ከጣሊያን የሚማረከው 6.5። በአንድ ዝናር ውስጥ ያለ ጥይት የጎረቤቱን ጠመንጃ አያጎርስም። አንዱ ጥይት ሞልቶት ጠመንጃው ተሰብሮ፣ ሌላው ጠመንጃ ይዞ ጥይት አጥቶ ጎን ለጎን ይዋጋሉ።

ለዚህ እጥረት የተገኙት መፍትሔዎች በአርበኞች ትዝታ ውስጥ ይነገራሉ። የመጀመሪያውና ትልቁ ምርኮ ነው፤ አድፍጦ መምታት፣ ጠመንጃውን ከነጥይቱ መውሰድ። ሁለተኛው ቁጠባ ነው፤ በቅርብ ካልሆነ አለመተኮስ፣ በጎራዴ መጨረስ። ሦስተኛው ከባንዳና ከገበያ በሥውር መግዛት ነው። አራተኛው ባዶ ቀለሃ ለቅሞ በቀጥቃጭ እጅ ማስሞላት ነው። ይህ አራተኛው ከሁሉም አነስተኛው ነበር፤ ይሠራ የነበረውም በአሮጌዎቹ የጥቁር ባሩድ ጠመንጃዎች ላይ ሊሆን እንደሚችል ከላይ ያየነው የባሩድ ነገር ይነግረናል። ለአርበኛው ግን ዋጋው በቁጥር አይለካም። ምርኮ በሌለበት ወር፣ ክረምት መንገዱን በዘጋበት ሰሞን፣ አንድ የሚተኩስ ጥይት ከባዶ እጅ ይሻላል። ይህን ሥራ በመንደር ጎጆ ውስጥ የሠሩትን ሰዎች ስማቸውን አናውቅም። እንግሊዛዊው ኮሎኔል ሳንድፎርድ በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ጎጃም ሲገቡ፣ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ደብረ ማርቆስ ሲደርሱ ያገኙት ጦር እስከዚያ ድረስ የቆመው እንዲህ ባለ ጥቃቅን ትጋትም ነው።

ሦስቱ ማብራሪያዎች

ታዲያ ከጋፋት እስከ አርበኞች፣ ጥይት ለምን የአገር ውስጥ ሥራ ሳይሆን ቀረ? ሦስት ማብራሪያዎች ይሰጣሉ።

የመጀመሪያው የውጭ ክልከላ ነው። እውነት ነው፤ ውሎቹና ዕገዳዎቹ በታሪክ የተመዘገቡ ናቸው። ግን ብቻውን አይበቃም። ክልከላ የተዘጋጀውን ጥይት ይከለክላል፤ ሥራውን መማርን ሙሉ በሙሉ አይከለክልም።

ሁለተኛው የዕውቀት ማነስ ነው። ይህ ከሦስቱ ደካማው ነው። ባሩድ ሲሠራ የኖረ፣ ብረት ከድንጋይ አቅልጦ ማረሻና ጎራዴ ያወጣ፣ በጋፋት መድፍ ያቀለጠ አገር ብልሃት አልጎደለውም።

ሦስተኛው ለእጅ ባለሙያ የሰጠነው ቦታ ነው፤ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምይዘው ይህንን ነው። ጀግናው የሚታጠቀውን ጎራዴ የሠራው፣ የተሰበረበትን ቃታ ያስተካከለው፣ ባዶ ቀለሃውን የሞላለት ቀጥቃጭ ነው። ያው ቀጥቃጭ ቡዳ ተብሎ የተፈራ፣ መሬት የተነፈገ፣ ልጁን ለጨዋ ልጅ መዳር የማይችል ሰው ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ነገሩ ምን ያህል ሥር ሰዶ እንደነበር ያሳያል። የተናቀ ሰው ብልሃቱን ለልጁ በሹክሹክታ ያስተላልፋል እንጂ አይጽፈውም፤ ያልተጻፈ ብልሃት አይለካም፤ ያልተለካ ብልሃት ከአንዱ ወደ አንዱ ሲተላለፍ ይቀንሳል እንጂ አይከማችም። እንግሊዝና ፈረንሳይ ቀጥቃጮቻቸውን ወደ መሐንዲስነት አሳደጉ። እኛ ቀጥቃጫችንን በከተማው ዳር አስቀመጥነው።

በሌላው ዓለም የሆነው

ሥራው በቤት ደረጃ በሰላም ያደገበትን ቦታ ማየት ይህንን ሐሳብ ያጠናክረዋል። በአሜሪካ አዳኞች ቀለሃቸውን በቤታቸው መሙላት የጀመሩት ከእኛ ሰዎች ጋር በተቀራረበ ዘመን ነው። ጆን ባርሎው እ.ኤ.አ. በ1884 አይዲያል የተባለውን የእጅ መሣሪያ መሸጥ ጀመረ፤ በ1943 አር ሲ ቢ ኤስ፣ በ1958 ሊ ሎደር ተከተሉ። ዛሬ እዚያ ይህ ሥራ የዒላማ ተኳሾችና የአዳኞች ትርፍ ጊዜ ነው።

ልዩነቱን ያመጣው የሰዎቹ ብልሃት አይደለም። ለእያንዳንዱ ጠመንጃ የታተመ የልኬት መጽሐፍ አለ። ሚዛኑ በታወቀ ክብደት ይፈተሻል። ብልሽት ሲደርስ ተመርምሮ ይጻፋል፤ ቀጣዩ ሰው ያነብበዋል። ፋብሪካው መለኮሻውንና ባሩዱን በተመሳሳይ ጥራት ያቀርባል፤ ሥራው በሕግ ጥላ ሥር ነው። ይህ ሁሉ እያለም አደጋ አልጠፋም፤ በአንድ ቀለሃ ውስጥ ሁለት ጊዜ ባሩድ በማፍሰስ ጠመንጃው የፈነዳበት ሰው በየጊዜው ይሰማል። ልኬቱ፣ መጽሐፉና ሕጉ ባሉበት እንዲህ ከሆነ፣ ሦስቱም በሌሉበት ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ዛሬ ያለንበት

ከነፃነት በኋላ ነገሩ ወደ መንግሥት ፋብሪካ ዞረ። በአምቦ አካባቢ ያለው ሆሚቾ የጥይት ፋብሪካ በደርግ ዘመን የተመሠረተ ነው፤ ሌላው የመሣሪያ ፋብሪካ ደግሞ ጋፋት ተብሎ በቴዎድሮስ መንደር ስም ተሰይሟል። ቴዎድሮስ የተመኙት በሌላ መልክ ሆነ። በግለሰብ ደረጃ ግን በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያን ያለ ፈቃድ መያዝን፣ መሥራትን፣ መጠገንን፣ መነገድን ይከለክላል። ጥይትን በቤት መሙላት ዛሬ ለኢትዮጵያዊ ሕጋዊ ሥራ አይደለም።

ከሕጉም ባሻገር ነገሩ ራሱ አያስኬድም። ዛሬ በብዙ እጅ ያለው ክላሽንኮቭ ጥይቱ በአብዛኛው የብረት ቀለሃና የበርዳን መለኮሻ ያለው ነው፤ አንድ ጊዜ ተተኩሶ እንዲጣል የተሠራ ነው። በቤት የተሞላ ጥይት የሚያገኝ ሰው ከማን እንደመጣ፣ ማን እንደለካው፣ በምን እንደለካው አያውቅም። በሠርግና በለቅሶ ወደ ሰማይ የሚተኮስ ጥይት ተመልሶ የሚወርድበትን ቦታ ማንም አይመርጥም፤ ልኬቱ ያልታወቀ ጥይት ሲሆን ደግሞ አደጋው ከተኳሹ ከራሱ ይጀምራል።

ጦርነት ባለፈበት አካባቢ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። በእርሻና በመንገድ ዳር ያልፈነዳ ጥይት፣ የከሸፈ ጥይት፣ ከጥይት የሚበልጥም ነገር ይገኛል። ልጆች ለመጫወቻ ያነሱታል፣ አዋቂዎች ናሱን ለቆራሌው ለመሸጥ ይከፍቱታል። ከዚህ ዳሰሳ አንድ ተግባራዊ ነገር የሚወሰድ ቢኖር ይህ ይሁን፦ የተገኘ ጥይት አይመታም፣ አይከፈትም፣ ወደ እሳት አይጠጋም፤ ቦታው ምልክት ተደርጎበት ለሚመለከተው አካል ይነገራል። የከሸፈ ጥይት የሞተ ጥይት አይደለም።

ባዶው ናስ ግን የራሱ ሁለተኛ ሕይወት አለው። በአዲስ አበባ እንጦጦ ሥር ያሉ ሴቶች ከሰሜን ጦርነቶች የተለቀመውን ቀለሃ አቅልጠው የአንገት ጌጥ ዶቃ ያደርጉታል፤ ሥራው ከአገር ውጭም ገበያ አግኝቷል። ያው የናስ ማቅለጥ ጥበብ፣ ያው የእጅ ትዕግሥት፣ የሚለብሱትን ያስውባል እንጂ አያስፈራም።

የዳሰሳው ፍርድ

እንግዲህ ጥያቄው ሲጠቃለል እንዲህ ነው። በዚህ አገር ባዶ ቀለሃን መሙላት የተሞከረው በችግር ነው፤ ለአጭር ጊዜ፣ በጥቁር ባሩድ ጥይት ላይ፣ በከፊል ተሳካ። ያቆመው ከሁሉ በላይ ጭስ አልባው ባሩድና የልኬት አለመኖር ነው። ልኬት ያጣነው ደግሞ ልኬትን ሊያሳድግ የሚችለውን ሰው ስለናቅን ነው። ጥይት በቤት መሙላትን ወደ ኋላ ተመልሶ ማንሣት አያስፈልግም፤ ጊዜውም ሕጉም የሰው ሕይወትም ይቃወሙታል። ከዚህ ታሪክ መውሰድ ያለብን ሌላ ነው።

ሁለት ሥራ ይጠብቀናል። አንደኛው መመዝገብ ነው። በአዋበል፣ በቢቸና፣ በደብረ ማርቆስ አካባቢ አያታቸው ወይም አባታቸው ጠመንጃ ይጠግኑ እንደነበር የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች አሁንም አሉ። የዚያ ቀጥቃጭ ስም፣ መሣሪያዎቹ፣ ይጠቀምባቸው የነበሩት መለኪያዎች፣ ከማን እንደተማረና ለማን እንዳስተማረ ሊጠየቅና ሊጻፍ ይገባል። የጎጃም አርበኝነት ታሪክ ብዙ የጦር አለቃ ስም አለው፤ የቀጥቃጭ ስም ግን ከሞላ ጎደል የለውም። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጥናታቸው ርዕስ ሲፈልጉ ከዚህ የተሻለ ብዙ አያገኙም።

ሁለተኛው የልኬት ትምህርት ነው። በሉማሜም ሆነ በሌሎች የደጋ ከተሞች መንገድ ዳር ብየዳ የሚሠራው፣ የወፍጮ ክፍል የሚያስተካክለው፣ የውኃ ፓምፕ የሚጠግነው ወጣት የዚያ ቀጥቃጭ ወራሽ ነው። ለእሱ የሚያስፈልገው ካሊፐርና ማይክሮሜትር፣ የተጻፈ መመሪያ፣ የተበላሸውን ሥራ ያለ ኀፍረት የሚመረምርበት ወርክሾፕ፣ ከዚያም በላይ ልጁን ለማንም መዳር የሚችልበት ክብር ነው። የእጅ ባለሙያውን ያከበረ፣ ሥራውንም ያስለካ አገር ማረሻውን፣ ፓምፑን፣ ወፍጮውን በራሱ እጅ ያቆማል፤ መንገድ ሲዘጋም ባዶ እጁን አይቀርም።